አንገቱ ሰፊ ቀሚስ

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይከተልሽ፣ እግርሽን እንቅፋት አይምታው። ቀኝ ክንዴ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ የሚጽፍልኝ አጎትሽ ነው። በቅንፍ ያለው የእሱ ተንኮል ነው። (እህቴ ስሜን አጠፋች።)

ክንዴ የተሰበረው የልብስ መቀሴን ሳነሳ ነው። ራጅ ላይ አጥንቴ ተቦርቡሮ ሲታይ ካንሰር ነው ተብሎ ተጠረጠረ። ጎረቤቶች ፊታቸውን አጥቁረው መጡ፤ እኔም መርፌና ክር ሰጥቼ የደንበኞቼን ቁልፍ አስተከልኳቸው። አጎትሽ የተከለው ሁሉ ጠማማ ነው። (ሸሚዙ ነው ጠማማ።)

ከአጥንቴ የተወሰደው ናሙናና ደሜ ሲመረመር ግን ካንሰር አይደለም። አንገቴ ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ ከልኳ በላይ እየሠራች ካልሲየሙን ከአጥንቴ ስትመጥ ኖራለች። ሰኞ በቀዶ ጥገና ትወጣለች። ከዚያ አጥንቱ ቀስ በቀስ ይሞላል ብሎኛል ሐኪሙ።

አክስትሽ፣ "ጠባሳውን በሻርፕ ትሸፍኚዋለሽ" አለችኝ።

"ለሰው ስሰፋ ስፌት እደብቃለሁ፣ የራሴን ግን አልደብቅም" አልኳት። ያን ዕለት አጎትሽን እያዘዝኩ አንገቱ ሰፊ የሆነ ቀሚስ አስቆረጥኩ። (አንዱ እጅጌ ትንሽ አጥሯል። አልነገርኳትም።)

አደራሽን፣ ወደዚህ ለመምጣት የቆረጥሽውን ቲኬት ለሌላ ጊዜ አዛውሪው። ለማልቀስ እንዳትመጪብኝ። ጀሶው ሲፈታ ነይና ቀሚሱን በገዛ እጄ ስሰፋ ክር አቀብዪኝ። እስከዚያ ደጅሽ ሰላም፣ እንቅልፍሽ ጤና ይሁን።

እናትሽ

(እሷ አላለቀሰችም። ወረቀቱን ያረጠብኩት እኔ ነኝ፤ ብትጠይቅሽ ሻይ ነው በያት።)