የእህቴ ባልና ባለ ቃታ ቀስቱ

ሴፕቴምበር 4
ማገዶ ስፈልጥ ዋልኩ። እህቴ ማርሊስ ደወለች። ባሏን ዱዌይንን ኤልክ አደን ይዤው ልውጣ... «አደራህን፣ በሰላም መልስልኝ።» ሸያን ከተማ ቢሮ ቁጭ ብሎ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ፈረስ የሚያህል አጋዘን ሊያድን! እሺ አልኩ። እህት ናት፣ ምን ይደረጋል?

ሴፕቴምበር 9
መጣ። ባለ ቃታ ቀስት ይዞ! ማነጣጠሪያ መነጽር ሁሉ ተገጥሞለታል። ጅማቱን በክንዱ አይስብም፣ በማጠንጠኛ ያጠነጥነዋል። ይሄ አደን ነው? በሕግ ተፈቅዷል ይላል። ጅል መሆንም ተፈቅዷል።

ሴፕቴምበር 10
ጓሮ የጭድ እስር ላይ ሲተኩስ ዋለ። ይመታል... መነጽር ካለው ማን ይስታል? ራት ላይ የአደን ደንቡን አነበበልኝ። በዚህ ቀጠና ዘንድሮ ወንድ ኤልክ ብቻ፣ ቀንዱ ሳይታይ አይተኮስም፣ የተደገነ ቀስት መኪና ላይ አይጫንም። ለኔ! ሠላሳ ዓመት የእንጨት ቀስት ለሳብኩት! ድንቼን በላሁ።

ሴፕቴምበር 12
ወጣን። ሌላ አዳኝ በስህተት እንዳይመታው ብርቱካናማ ኮፍያ አድርጎ። በቀስት ወቅት ግዴታ አይደለም፣ ዱባ መስለሃል ብዬ አስወለቅኩት። ኤልክ መጥሪያ ቧንቧውን ሲነፋማ... ይሄን የሰማ ኤልክ ድንበር ጥሶ ሞንታና ይገባል አልኩት። ሳቀ። ሲሰድቡት የሚስቅ ሰው አልወድም።

ሴፕቴምበር 13
ወንዙ ዳር አስቀመጥኩትና ሽቅብ ወጣሁ። ጥሪ ነፋሁ። ከታች መለሰልኝ። ምን ዓይነት ድምፅ! ወፍራም፣ ቁጡ፣ ያረጀ አውራ። ነፋሁ፣ መለሰ። እየቀረበ መጣ። ይሄ ዱዌይንን አመለጠው ብዬ ደስ አለኝ። ጥዶቹ መሀል ቡናማ ነገር ተወዛወዘ። ሳብኩ። ቀንድ አላየሁም... ድምፁ በቃኝ። ለቀቅኩ።

ፍላጻው ከዱዌይን ጆሮ አጠገብ ግንዱ ላይ ተሰካ።

አውራው እሱ ነበር። ኤልክ መስዬው ሲመልስልኝ፣ ሲከተለኝ... ቀስቱ መሬት ላይ ተቀምጧል።
«በመነጽሩ አየሁህ፣ ኦርቪል» አለኝ። «ሰው መሆንህን ሳውቅ እጄን አወዛወዝኩልህ።»
ፍላጻዬን ከግንዱ ነቅሎ ሰጠኝ።

ሴፕቴምበር 14
ማርሊስ ልትወስደው መጣች። እንዴት ነበር አለችኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ዱዌይን ቀደመኝ።
«ወንድምሽ አጠገቤ እያለ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?»
አቅፋ ሳመችኝ። አደራዬን ጠበቅክልኝ አለች። ዓይኑን ፈለግኩ... ሻንጣውን እየዘጋ ነበር። ለኔ ብሎ ነው የዋሸው? ምናለ ቢሰድበኝ!

ሳልነግራት ሸኘኋቸው። ፈሪ የሚለውን ስድብ ለሱ ነበር ያቆየሁት።