ከአምስቱ መኪና አንዱ

መጋቢት 4 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

በሰው አገር እንደምን ከረምሽ? እኔ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። ጎረቤታችን መምህሩ «ልጻፍልዎት» ቢለኝ እምቢ ብዬ በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ከተንጋደደ አንገትሽን ጋደድ አድርገሽ አንብቢው።

ያጠራቀምሽውን ገንዘብ ልታስገቢበት ያሰብሽውን የልብስ ስፌት ድርጅት ሄጄ አየሁት። ከተከፈተ ገና ዓመት ከመንፈቅ ነው። የላክሽውን የድርጅቱን ወረቀት፣ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ መምህሩ አነበበልኝ፤ የመጪውን አምስት ዓመት ትርፍ ከአሁኑ ጽፈውታል። እኔ የነገን አላውቅም፣ ስፌት ግን አውቃለሁ። አንድ የተማሪ ኮት አንስቼ ገለበጥኩት። ውስጡ እንደ ውጭው ንጹሕ ነው፤ ብብቱ ላይ ብቻ ስፌቱ ተንሻፏል። ባለቤቲቱን፣ ያችን ቀጭን ልጅ፣ ጠርቼ አሳየኋት። አልተከራከረችኝም። ምላጭ አውጥታ እዚያው ፈታችው።

«አባባ፣ ስንት ዓመት ሰፍተዋል?» አለችኝ።

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሬ!»

ከዚያ ዋናውን ጠየቅኳት። «ልጄ ከአምስት አንድ እጅ ድርሻ ብትገዛ ቃሏ ይሰማል?»

«ይሰማል። ወሳኞቹ ግን እኔና እህቴ ነን።»

ደሜ ፈላ። ባርኔጣዬን አንስቼ ልወጣ ስል እናትሽ ትዝ አለችኝ። ከሱቃችን አምስት የስፌት መኪና አንዱ፣ መስኮቱ ስር የነበረው፣ የእሷ ነበር፤ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው። እኔ የደንበኛውን ልክ እጠራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ አንቺ ጠረጴዛው ስር ቁልፍ ትለቅሚያለሽ። ደግ ዘመን ነበር። «ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ እየጠፋ ነው፤ የልጆች ልብስ እንጀምር» ስትለኝ «አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገረችኝ። ሱቁ ሲዘጋ አንድም ቀን «ብዬህ ነበር» አላለችኝም። እኔም «እውነትሽን ነበር» ሳልላት አረፈች።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። «እንግዲያው ጻፊ። አዲስ ሥራ ከመጀመራችሁ፣ መኪና ከመጨመራችሁ በፊት ልጄን ትጠይቃላችሁ። በዓመት አንዴ ደግሞ ባለድርሻ ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል።»

«ስብሰባው በስልክም ይሆናል እኮ አባባ።»

«አይሆንም! ኮት በስልክ አይገለበጥም።»

እየሳቀች ጻፈችው።

ግዢ እላለሁ። ያለሽን ሁሉ ግን አታስገቢ፤ ለመምጫሽ የሚሆን አስቀሪ። ስብሰባው በመስከረም ነው። የእናትሽን መኪና ዘይት ቀብቼ ከአልጋሽ ፈቀቅ አድርጌዋለሁ፤ የክፍልሽንም መስኮት አስጠግኛለሁ። ለስብሰባው ብዬ ነው እንጂ ሌላ እንዳይመስልሽ።

የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ፤ ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናው።

አባትሽ፣ ልብስ ሰፊው