በራችን ላይ የተሰቀለው ደወል

ውድ እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ናፍቆትሽን ካልቆጠርነው እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ባለቤቴ የሚሠራበት የቆሻሻ ማቃጠያ ተዘጋ። አትደንግጪ፣ ከሥራ አልወጣም። አሁን እዚያው ግቢ ውስጥ ፕላስቲኩን፣ ወረቀቱንና ብረቱን እየለዩ እንደገና ለሚጠቀሙበት ፋብሪካዎች ይልካሉ። "ለካ እስከ ዛሬ በጭሳችን ሰማዩን ስናሞቅ ነው የኖርነው" ይለኛል፣ ምሁር መስሎ! እኔ የማውቀው ሸሚዙን ሳጥብ ውሃው መጥቆሩን መተዉን ነው።

ድሮ መምጣቱን በሳሉ እንደማውቅ ታስታውሻለሽ? ከመንገዱ ጥግ ሲስል ስሰማ ራቱን እጥድ ነበር። ባለፈው ሰኞ ኮሽታ ሳያሰማ ገብቶ ከኋላዬ ቢቆም፣ ሌባ መስሎኝ በጭልፋ አቀመስኩት። ግንባሩን እያሻሸ፣ "ደህና መሆንም ያስመታል እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ሊያሾፍብኝ ብሎ በር ላይ "እህ! እህ!" ብሎ እንደ ድሮው ሲስል ግን የያዝኩት ሳህን ከእጄ አምልጦ ተከሰከሰ። ስብርባሪውን አብሮኝ ለቀመ።

ከዚያ ወዲህ እንዲያ አልቀለደም። ከብረቱ ክምር ውስጥ ያገኘውን የብስክሌት ደወል አለቃውን አስፈቅዶ አመጣና በራችን ላይ ሰቀለው።

ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ጤና ከደጃፍሽ አይራቅ። ስትመጪ ግን አደራ፣ ደወሉን አንዴ ብቻ ምቺው። ሁለቴ የሚመታው እሱ ነው።

ታናሽ እህትሽ