በሰው ዓለም ሁለት ሰዓት

ጥቅምት 4

ዛሬ አራት ማሽን ጠረግሁ። ሁለቱ አቧራ ብቻ። ከአንዱ ውስጥ የደረቀ በረሮ ወጣ። አጎቴ ለባለቤቱ እንዳልነግር አስጠነቀቀኝ። እኔ? ለማን ነግሬ አውቃለሁ?

ሥራዬ ያው ነው። አጎቴ የጌም ማሽን ይጠግናል፤ እኔ ብሎን እፈታለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣ በመጨረሻ እፈትሻለሁ። ፍተሻው ሁለት ሰዓት ነው። ከባድ ጌም ከፍቶ ማቆየት። ሞቆ ካልጠፋ ድኗል።

"የኳሱ ጌም አያሞቀውም፤ ያንን ማለቂያ የሌለውን ክፈቺበት" ይላል። ድራጎንና ጠንቋይ ያለበትን፣ አገሩ ሁሉ ክፍት የሆነውን ማለቱ ነው። ከደንበኞቻችን ግማሹ እሱን ነው የሚጫወተው።

"ሰውየውን አንድ ቦታ አቁመሽ ተይው። ምንም እንዳትነኪ።"

እሺ እላለሁ። አንድም ቀን አቁሜው አላውቅም።

ጥቅምት 9

እማዬ ትናንት "ምኑ ነው እንዲህ የሚያፈዝሽ?" አለችኝ። ዛሬ ሳስበው ዋልኩ።

ጌሙ ውስጥ ተራራ ካየሁ እሄድበታለሁ። ሥዕል አይደለም፣ መንገድ አለው። ጫፉ ላይ ስወጣ ሌላ ተራራ ይታያል። ሥራ የሰጠኝ ሰው መንደሩ ውስጥ ቆሞ ይቀራል፤ ወንዝ ዳር ቅጠል ስለቅም ብውል እንኳ "የት ጠፋሽ" አይልም።

ከሁሉ በላይ ግን ወሬው። አንድ ሰው ሲያናግረኝ ምላሾቹ ከታች ተደርድረው ይመጣሉ። ሦስት ወይ አራት። መምረጥ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ናቸው፤ ስምንተኛ ላይ ያቆመ ሰው እንግሊዝኛ ደግሞ... አንዱን መስመር ሦስቴ አነባለሁ። ንጉሡ ራሱ ዙፋኑ ላይ ሆኖ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። እዚህ ግን "ስንት ሰዓት ነው?" ያለኝ ሰው አፌን እስክከፍት ሌላ ሰው ጠይቆ ሄዷል።

ይህን ለእማዬ እንዴት ይነግሯታል?

ጥቅምት 15

የራሴ ማሽን የለኝም። ስለዚህ የታሪኩን መጀመሪያ አላውቀውም። ሁልጊዜ በሰው ታሪክ መሐል ነው የምገባው።

የፀጉር አስተካካዩ ጀግና ዘውድ ደፍቶ በውስጥ ሱሪ ይዞራል። ልብስ ገዝቶለት አያውቅም። የትራፊክ ፖሊሱ ደግሞ ሌባ ነው። በሦስት ከተማ ይፈለጋል።

ስገባ መጀመሪያ የደረስኩበትን በራሱ እየመዘገበ ሴቭ የሚያደርገውን አጠፋለሁ። ስወጣ እንደነበረ እመልሰዋለሁ። የረገጥኩት ሳር ቀና ይላል። የገደልኩት ተኩላም ይነሳል። እስካሁን ማንም አላወቀም።

ጥቅምት 22

ማዞሪያው ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስቷ መጣች። ኮስታራዋ። ማሽኑን በፎጣ ጠቅልላ።

"የልጅዎ ነው?" አለ አጎቴ።

"የራሴ ነው።"

አጎቴ ማሽኑን አየ፣ ደግሞ እሷን አየ።

"ውስጡ ያለው እንዳይጠፋብኝ ብቻ።"

"በእኔ ይጣሉት፣ እትዬ።"

ስትወጣ ጠብቆ፣ "ለጨጓራዬ ክኒን የምትሰጠኝ ሴትዮ እኮ ናት! ድራጎን ነው ስትገድል የምታመሸው?"

ጥቅምት 24

አትገድልም።

የሷ ጀግና ሽበታም ሴት ናት። ሐይቅ ዳር ቤት አላት። መደርደሪያው ላይ ጠርሙሶች በቁመታቸው ተደርድረዋል። ጓሮዋን ራሷ ነው የተከለችው። ሰይፏ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በመንደሩ ስትሄድ ሁሉም በስሟ ይጠራታል፤ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ እየተከተለች ታወራላታለች። የጌሙ ዋና ታሪክ፣ ጦርነቱ፣ ገና አልተነካም። እንዲህም ይኖራል እንዴ? አፌን ከፍቼ ስዞር አንድ ሰዓት አለፈ።

ሐይቁ ላይ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ሽማግሌ አለ። "ከተሻገርሽ መመለስ የለም። ተዘጋጅተሻል?" አለኝ። ምላሹ ሁለት ነው። ገና ነኝ። ተዘጋጅቻለሁ።

ምን እንደሚሆን ለማየት ያህል ሁለተኛውን ተጫንኩት። ኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ።

ተሻገርን። ከኋላችን መንደሩ ተቃጠለ። ጭሱን አየሁት። ከዚያ ከስክሪኑ ጥግ በኩል ያቺ ትንሽ ምልክት መሽከርከር ጀመረች። ሴቭ እያደረገ ነው።

ቤቱን ሳይ በራሱ ሴቭ የሚያደርገውን ማጥፋት ረስቼዋለሁ።

ሌላ ሴቭ ፈለግሁ። የለም። አንድ ብቻ ነው ያላት።

ማሽኑ አልሞቀም። ድኗል።

ጥቅምት 25

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የጣትስ?

ለአጎቴ ነገርኩት። "ሴቭ አደረገብኝ፣ ጋሼ።" ከዚህ በላይ አልወጣኝም። መንደሩን በጣቴ እየጠቆምኩ አሳየሁት።

"ማሽኑ ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"ተገላገልን በያ! የጌሙ ነገር እኛን አይመለከትም። ከጠየቀች ሲመጣም እንደዚህ ነበር በያት።"

"እኔ?"

"ነገ ዕቃ ላመጣ እሄዳለሁ፤ አንቺ ነሽ የምታስረክቢያት። ዝም አይነቅዝም፤ ለዝምታ ደግሞ ካንቺ ወዲያ!" ሳቀ።

ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? ቤቷ ትገባለች፣ ጋውኗን ትሰቅላለች፣ ቁጭ ብላ ትከፍታለች... እዚህ ላይ ስደርስ ማሰብ አቆማለሁ። ከዚያ እንደገና ከጋውኑ እጀምራለሁ።

ጥቅምት 26

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች።

"ደረሰልኝ?"

ከታች የተጻፈ ምላሽ የለም። ባንኮኒው ብቻ ነው።

"ድኗል" አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። በፎጣዋ መጠቅለል ጀምራለች።

"ግን እኔ..."

ቀና ብላ አየችኝ። አላቻኮለችኝም።

"ጀልባውን ተሳፈርኩት። ሽማግሌው ሲጠይቀኝ ተዘጋጅቻለሁ አልኩት። ከዚያ ሴቭ አደረገ።" ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀጠልኩ። "አጎቴ፣ 'ሲመጣም እንደዚህ ነበር በያት' ብሎኛል። አልነበረም። እኔ ነኝ።"

መነጽሯን አወለቀች።

"መንደሩ ሁሉ?"

"ሁሉም።"

"የጋጋሪዋ ልጅስ?"

"...አላየኋትም።"

ባንኮኒው ላይ የነበረውን ካቻቢቴ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ሰውዬ ገና ነኝ ስለው ኖሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ የታመመ ሰው ነው የሚያናግረኝ። እዚያ ስገባ ማንም ምንም አያመውም።"

ትልቅ ሰው ይህን ያህል ነግሮኝ አያውቅም። ምን ይባላል?

"አንቺ የራስሽ የለሽም?"

"የለኝም።"

"እና በሰው ቤት ነዋ የምትኖሪው።" አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። "ያኛው ዳር ምን አለ?"

"ዝናብ። ከዚያ በኋላ አጠፋሁት።"

ማሽኑን አቅፋ ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ይቅርታ ማለቱን ረሳሁት። ትዝ ያለኝ መንገዱን ከተሻገረች በኋላ ነው።

ጥቅምት 29

አጎቴ ሰማ። ክኒኑን ሊገዛ ሄዶ ኖሯል። እያቀበለችው፣ "ጨጓራዎ ሲመጣም እንደዚህ ነበር?" አለችው። ሰው ፊት።

"አዋረድሽኝ! ያንቺ አፍ ለመከፈት እኔን ነው የመረጠው?"

ብሎኖቹን ወደ ሳጥናቸው መለስኩ።

"አፍ ካወጣሽማ ከነገ ጀምሮ ባንኮኒው ላይ ተቀመጪ። ያቺን ሰፊ አገርሽን እርሺያት። ፍተሻ በኳስ ብቻ!"

ጥቅምት 30

ኳስ። ሜዳው አራት ማዕዘን ነው። መስመሩን ካለፍሽ ፊሽካ ይነፋል።

ባንኮኒው ላይ ደግሞ አስራ አንድ ሰው አናገረኝ። ቤት ስገባ ራሴን አሞኝ ነበር።

ኅዳር 8

ለእማዬ የግፊት መድኃኒት ልገዛ ማዞሪያው ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ገባሁ። ሌላ መድኃኒት ቤት ልሄድ አስቤ ነበር። ሁለቴ በበሩ አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ገባሁ።

በመስታወቱ ቀዳዳ ወረቀቱን ተቀበለችኝ።

"ይቅርታ" አልኩ።

"በቀን አንዴ፣ ጠዋት ጠዋት" አለች፣ ካርቶኑ ላይ እየጻፈች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ "ዝናቡ ማቆሚያ የለውም።"

"ታዲያ... ምን እያደረጉ ነው?"

"ጣሪያ እየሠራሁ።"

ከኋላዬ ተራ የያዙት እናት ወደ ኮርኒሱ ቀና ብለው አዩ።

ይቅር አለችኝ? አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም።

ኅዳር 14

በኳስ የፈተሽናቸው ሁለት ማሽኖች ተመልሰው መጡ። እየሞቁ ይጠፋሉ። አጎቴ ግንባሩን ሲያሽ ቆየ።

"በይ ትልቁን ጌም ክፈቺ። ግን በፈጠረሽ..."

"መጀመሪያ ባለቤቱን ልጠይቅ" አልኩ።

"ምን ብለሽ?"

"ምኑ እንዳይነካ እንደሚፈልግ።"

ትክ ብሎ አየኝ። "ደንበኛ አባራሪ" አለና ወደ ብየዳው ተመለሰ። አትጠይቂ ግን አላለም።

ኅዳር 21

ዛሬ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መጣ። ትከሻው በሩን ሞላው። ማሽኑን እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ባንኮኒው ላይ ጣለው።

"ይጮኻል" አለ።

ጻፍኩ። ከዚያ ጠየቅሁት። "ውስጡ የማይነካ ነገር አለ?"

"ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?"

"ስንፈትሽ እንዳይሸጥ፣ እንዳይሞት የሚፈልጉት።"

አጎቴን አየው፤ አጎቴ ብየዳው ላይ አቀርቅሯል። ሹፌሩ ጎንበስ አለልኝ።

"ፈረስ አለችኝ" አለ፣ በሹክሹክታ።

"ስሟ?"

ይህን የሚያህል ሰውዬ ጆሮው ድረስ ቀላ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። አውቀዋለሁ ይህን።

አላቻኮልኩትም። እስክሪብቶውን ገፋሁለት። ራሱ ጻፈው። አጣጥፎ ማሽኑ ላይ አስቀመጠው፣ መዳፉን ጫነበት።

"ማንም እንዳይጋልባት።"

"ከጋጧ አትወጣም" አልኩት። "ሐሙስ ከሰዓት ይምጡ፤ ይደርሳል።"

ይህን ሳይጠይቀኝ ነው የነገርኩት።