ትከሻሽ ላይ ያለው እጅ

ሐሙስ፣ ጥር 8 ቀን

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ደህና ስልሽ ትነሳለች፣ ሥራ ትሄዳለች፣ ስሰጣት ትበላለች ማለቴ ነው። ወንድምጋሼ ከሚሠራበት ሕንፃ መወጣጫ ወድቆ ካረፈ ሰባት ሳምንት ሆነው። እኔ በሒሳብ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፤ እደርስበታለሁ፣ አታስቢ።

የምጽፍልሽ ስለ አንድ ፎቶ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ገና ድምፄን ስትሰሚ ታለቅሻለሽ፣ እኔም እከተልሻለሁ፣ ካርዱም ያልቃል።

ወንድምጋሼ ሲያነሳ እንጂ ሲነሳ አይገኝም ነበር። ስልኩን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። ግንበኞች፣ የጎረቤት ድመት፣ እማዬ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ስታሰጣ። እሱ በደንብ የሚታይበት አንድ ብቻ ነው፦ በር ላይ ቆማችሁ፣ እጁን ትከሻሽ ላይ ጥሎ፣ አንቺ የሆነ ነገር ብለሽው ሊስቅ ሲል። ከእማዬ ጋር ተጣልተሽ ከመሄድሽ አንድ ሳምንት በፊት በእሱ ስልክ ያነሳኋችሁ እኔ ነኝ።

ግድግዳውን የሚሞላ ፎቶ ነበር የፈለግኩት። ትንሽ ከሆነ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ለእማዬ ሳሳያት ቀና ሳትል፣ «ይሁን፤ እሷን ግን ቁረጥና አውጣት» አለችኝ።

እሺ አልኳት። አልደብቅሽም። የቀብሩ ቀንም «እንዳትደውልላት» ስትለኝ እሺ ብዬ ነበር፤ አንቺም በሦስተኛው ቀን ከሰው አፍ ሰማሽ።

ፎቶ ቤቱ ለዚያ መጠን የጠራልኝ ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ አንቺን ቆርጬ፣ የቀረውን አሥራ ስድስት ቦታ ከፍዬ፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ኮፒ ቤት በተራ ወረቀት አሳተምኩት። የወረቀቶቹን ነጭ ጠርዝ ሳልከረክም ስለገጣጠምኩት በፍርግርግ ውስጥ የሚያይ እስረኛ መሰለ። እሱስ ይሁን፣ ይከረከማል። ያቃተኝ ክንዱ ነው። ክርኑ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ከሥራ ቦታው ያመጡት ቀን ያየሁት ይበቃኛል። ግድግዳ ላይ ደግሞ ጎድሎ እንዲቆም አልፈልግም። ሁሉንም ቀድጄ ጣልኩት።

አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ የሕንፃ ፕላን የሚታተምበት ማሽን እንዳለ ነገረኝ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ግን ወረቀቱ ጥቅል ስለሆነ በር የሚያክል ያወጣል፣ ርካሽም ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሄድኩ። ማሽኑ ላይ የምትሠራው ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችኝ።

«እዚህ የምናትመው ቤት ነው የኔ ልጅ። ሰው አትሜ አላውቅም።»

«ቤት ነው ብለው ያትሙልኝ።»

«ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው ታዲያ?»

ፎቶውን ስትከፍተው ግን መነጽሯን አወረደች። «ይሄ ረጅሙ ልጅ አይደል? ፎርማኑ ፕላን አምጣ ብሎ የሚልከው። ወረፋ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሁሉንም አሳስቆ ቀድሞ ይወጣል። የት ጠፋ?»

ነገርኳት። ወደ ማሽኑ ዞረች። «ማሽኑ ጥቁር ያበዛል፤ ብርሃን ልጨምርበት። ለሐዘን ከሆነ ልጅቷ ትውጣ?»

«አትወጣም!» አልኳት፣ ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሎ።

«ቤት የሚቆጣህ የለም?»

«አለ።»

ብርሃኑን ጨምራ ሁለታችሁንም አተመችልኝ።

እማዬ ከሥራ ስትመለስ ወንበር ላይ ቆሜ የላይኛውን ግማሽ በዱቄት ሙጫ ለጥፌዋለሁ። በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«ቁረጣት አላልኩህም?»

«ብለሽኛል። አልቆርጣትም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ?»

«እሷን ስቆርጣት እሱም ይቆረጣል፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ከፈለግሽ ቅደጂው። ነገ ሄጄ አሳትመዋለሁ። ከነገ ወዲያም።»

ከወንበሩ አልወረድኩም። በመሃል ሙጫ የጠጣው ወረቀት ከነክብደቱ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ።

«ያዘው እንጂ፣ ሊወድቅ ነው» አለችና ቦርሳዋን ጥላ መጣች። እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች ሆነን ደገፍነው። ጉንጭሽ ላይ አየር ገብቶ አብጦ ነበር። በመዳፏ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር እያለች አስተካከለችው። ለጥ ካለ በኋላም እጇን አላነሳችም።

«እንዲህ ከስታ ነበር እንዴ?» አለች።

«ያኔ ነው። አሁን እንዴት እንደሆነች አላውቅም።»

«ማን ያውቃል ታዲያ?» አለችኝ፤ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች።

እታለም፣ ጥሪልኝ አላለችኝም። እሷ ያላለችውን ብላለች ብዬ አልዋሽሽም። ነይ የምልሽ እኔ ነኝ፤ ያን ቀን መደወል የነበረብኝም እኔ ነኝ። ትምህርት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይዘጋል። የምትመጪበትን ቀን ብቻ ጻፊልኝ፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፣ ሻንጣሽን ይዤ ከፊትሽ የምገባው እኔ ነኝ። እማዬ ከተቆጣች መጀመሪያ እኔን ትቆጣ። ለምጄዋለሁ።

ያለሽበት ይመችሽ፣ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ መንገድሽንም ወደ ቤት ያቅናልሽ።

የቀረሽ ወንድምሽ