እየታጠበች ለታመመችው ሞተሬ ስለተደረገላት እንክብካቤ

ለተከበሩ የሞተር ብስክሌት ጋራዥ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎና ያ ውኃ የሚረጨው ማሽንዎ በጤና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ስለ ማሽኑስ ለወጉ ያህል ጠየቅሁ እንጂ እሱ እንኳ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም።

እኔ ለኮረኮንችና ለጭቃ የተሠራች ረጅም ሞተር የነበረችኝ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሞተሬ ዳገት መሃል ጥፍት ማለት ስለጀመረችና ባለቤቴም አንድ ጊዜ ሰው ፊት ካዋረደችን ትሸጣለች ብላ ስለቆረጠች፣ ነፍሴን ይዤ ደጅዎ ደረስኩ። ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ያልታጠበ ሞተር ግቢዎ እንዳይገባ ላወጡት ደንብ አድናቆቴ የላቀ ነው። ሞተሬ ምን እንዳመማት እንኳ ሳልጠየቅ በዚያ ማሽን ከፊት እስከ ኋላ ተረጭታለች፤ እኔም አጠገቧ በመቆሜ ብቻ ሸሚዜ በነፃ ታጥቦልኛል።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ ላይ ውላ ከደረቀች በኋላ ቀርበው፣ አስነሥተው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ድምፅዋን አዳምጠው፣ ይህች ሞተር ጤነኛ ናት፣ ችግሩ ነጂው ላይ ነው ሲሉ በሠራተኞችዎ ፊት ስለመሰከሩልኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት ብልሹው እኔ መሆኔን የነገሩኝ አማቴ ብቻ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ደንበኛ በቆሻሻ ሞተር አይሸኝም ብለው፣ ልረከባት ስል እንደገና አሳጥበው ሰጡኝ። እየተንጠባጠበች ወጣች፣ ዳገቱ ላይ ጠፋች። ገፍቼ መለስኳት። ታጠበች፣ ደረቀች፣ ተነሣች፣ ተመሰከረላት፣ ታጠበች። እንዲህ ስንመላለስ ከረምን። እርስዎም ባትሪውን ቀየሩ፣ ለሞተሩ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ቀየሩ፣ ምን በደለ ሳይባል ካቴናውንም ቀየሩ፤ ያልቀየሩት ጠባይዎን ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ከእርስዎ ዘንድ እያብረቀረቀች በወጣችበት ቀን አማቴን አፈናጥጬ ወደ ዓይን ሐኪም ስወስዳቸው፣ ያው ዳገቱ ላይ ቆመች። አማቴ በአዲስ ጫማቸው ከኋላ እየገፉ፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ይቺ ነገር ውኃ ሲነካት ነው እንዴ የምታኮርፈው ብለው ጠየቁኝ። ክው አልኩ። የካንዴላውን ቆብ ነቅዬ ባየው ውስጡ ውኃ አቁሯል። በቁራጭ ጨርቅ ጠርጌ መለስኩት፤ ገና ስነካት ተነሣች።

ምን ዋጋ አለው፣ ባለቤቴ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። እናቴ የገፋቻት ሞተር ደጄ አታድርም ብላ በማግስቱ ሸጠቻት። እውነቱን ልናገርና አልቅሻለሁ። መሪዋን ይዤ አልለቅም ብዬ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቀቁኝ ገዢዋ ወይዘሮ ናቸው።

በታላቅ አክብሮት፣ ከእንግዲህ በታክሲና በእግሩ እየኳተነ ሙያዎን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚመሰክርልዎ፣ ሁሌም ታዛዥዎ፣
የቀድሞው ባለሞተር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ገዢዋ የእርስዎ ባለቤት ናቸው። ለልደትዎ፣ እርስዎ ሳያስቡት ሊያበረክቱልዎ ስለፈለጉ፣ ወሬው ጆሮዎ እንዳይደርስ አደራ ብለውኛል። ስለዚህ ሲሰጡዎ እባክዎ እንደደነገጡ ይምሰሉ፤ ዳገቱ ላይ ግን፣ እኔ እንደማውቅዎ ከሆነ፣ ማስመሰል አያስፈልግዎትም።