ያልፈረምኩበት ወረቀት

ጥቅምት 4
እንደ ሁልጊዜው ሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። አዲሶቹ የስፌት መኪኖች ገቡ፤ ክሩን ራሳቸው ይቆርጣሉ አሉ። መካኒኩ ማስነሻና ማቆሚያውን፣ ሁለት ቁልፍ አሳይቶን ሄደ። ይኸው ነው ትምህርቱ? ከጎኔ የምትሰፋው ሳቂታዋ፣ "እንግዲህ እሱ ይስፋ፣ እኛ ሻይ እንጠጣ" አለች። እስክንለምድ ጠዋት በአሮጌው፣ ከሰዓት በአዲሱ ስፉ ተባልን።

ጥቅምት 6
አለቃችን ወረቀት ይዞ መጣ። ፉጨት ነው የምንለው፤ ሰው በስሙ መጥራት አይሆንለትም፣ ያፏጫል። "የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ" ይላል ወረቀቱ። ሁሉም ፈረመ። እኔ ጋ ሲደርስ...
"ያልተማርኩትን ተማርኩ ብዬ አልፈርምም።"
"አንቺ ደግሞ! አሥራ አንድ ዓመት ሰፍተሽ ምን ትማሪያለሽ?"
"ይኼን መኪና አላውቀውማ!"
ከኮሌታ አንስቶ ክር ለቀማ ላከኝ። ከተሰፋ ሸሚዝ ላይ የተረፈ ክር መቁረጥ... አዲስ ገቢ የሚጀምርበት ጠረጴዛ። ደሜ ፈላ።

ጥቅምት 7
እህቴ፣ "ምናለ ፈርመሽ ብትገላገይ? ቢያባርሩሽስ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 8
አልፈርምም።

ጥቅምት 13
ይገርማል... ፉጨት ሊቀጣኝ ያስቀመጠኝ ቦታ ላይ የፋብሪካው ሸሚዝ ሁሉ በእጄ ያልፋል። የከሰዓቱ ኮሌታ ይጨማደዳል፣ ጫፉ ይተረተራል። የተበላሸውን እየቆጠርኩ ካርቶን ክዳን ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። የጠዋቱን ለብቻ፣ የከሰዓቱን ለብቻ።

ጥቅምት 21
ሸሚዞቹ ከገዢው ተመለሱ። ሥራ አስኪያጇ ራሳቸው ወርደው መጡ። ፉጨት ያን ወረቀት አወጣ። "ሠልጥነዋል እኮ፣ ፊርማቸው ይኸው! ስንፍና ነው።" ለፈረሙት ሁሉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጻፍ ነው። ሳቂታዋ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም።

የእኔ ፊርማ የለበትም፣ እኔን አይነካኝም። ዝም ልበል? እንዴት ያስችለኛል! የካርቶን ክዳኔን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጇ ሄድኩ።
"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማንም አልሠለጠነም። ይዩት፣ በአሮጌው መኪና የተበላሸው ከመቶ ሦስት ነው። በአዲሱ ሠላሳ አንድ። የሰፉት እጆች ግን እነዚሁ ናቸው።"
"አንቺ!" አለ ፉጨት። ዞር ብዬም አላየሁት።
ሥራ አስኪያጇ ሳቂታዋን ጠየቋት። "ስንት ቀን ተማራችሁ?"
"ሁለት ቁልፍ" አለች እንባዋን እየጠረገች።

ጥቅምት 27
ደብዳቤው ቀረ። መካኒኩ ተመልሶ ሦስት ቀን ሙሉ አስተማረን። ለካ ኮሌታው እንዳይጨማደድ ክሩን የምታላላ ትንሽ ብሎን ከጎን አለች! ይቺን ለማሳየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ተናደድኩ። ደግሞ ደስ አለኝ... ተመልሼ የኮሌታ ወንበሬ ላይ ነኝ።

ኅዳር 9
ክዳኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ትናንት የተበላሸው በአዲሱም ከመቶ ሁለት ብቻ።
ፉጨት የሥልጠናውን ወረቀት ይዞ መጣ። አላፏጨም። በስሜ ጠራኝ። መስመር በመስመር፣ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ይጠብቅ! ከዚያ ፈረምኩ። ስሜን በሙሉ፣ እስከ አያቴ።